የመዲና ኮምፒውተርና የአገሬ መብራት

ከአገር የወጣሁ ማታ ሬዲዮ እየጠገንኩ ነበር። ለጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ለጉራም ቢሆን አላፍርበትም። ባለቤቴ ከድጃ ሻንጣዋን ዘግታ ተቀምጣለች፣ እናቴ ከለቅሶ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል፣ ጎረቤቱ ቤቱን ሞልቶታል፤ እኔ ጥግ ይዤ የሼህ እንድሪስን ሬዲዮ ከፍቼ ሽቦ እበይዳለሁ። «አንተ ሰው፣ መኪናው ደርሷል እኮ!» ይሉኛል። «ይቆይ፣ የያዝኩትን ሳልጨርስ አልወጣም» አልኳቸው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ ሬዲዮውም አብሮ ጮኸ። ይህን ሙያ ማን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ማንም። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የቀረውን ያስተማረኝ ዕቃው ራሱ ነው።

የከተማችንን ስም አልጠራም፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ታገኟታላችሁ፣ ሰዎቿም ያውቋታል። ከዚያ ተነሥተን አማን ከተማ ስንገባ፣ ዐረብ አገር ማለት አሸዋና ግመል የመሰለኝ ሰው ቀና ብዬ ባይ ዳገት በዳገት ላይ ተደርቧል፣ ቤቱም ሁሉ ነጭ ድንጋይ ነው። እንደ ደሴ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ግን ዳገቱ ሣር የለውም፤ ሣር የሌለው ዳገት ምን ይሠራል? የኛ ዝናብ በሚወርድበት ወር እዚህ ጠብታ የለም። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣና ጣራ ላይ ታንከር ውስጥ ይቆለፍበታል። የኛ ሰማይ ሲጠራ ደግሞ እዚህ ይበርዳል፣ ጭራሽ በረዶ ይጥላል። ሽራክ የሚሉት ስስ ቂጣ አላቸው፤ ከሩቅ እንጀራ መስሎኝ ሮጥኩ። ቀርቤ ባየው ዓይን የለውም። ከድጃ «ዕውር እንጀራ» ብላ ስም አወጣችለት።

ኻልዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ አትክልተኛ ሆነን ገባን። የአሠሪያችን የመዳም ልጅ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከቆሻሻው አንሥቼ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት፤ አንድ ቀን በራ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ኮምፒውተር ሲታመም የሚጠራው እኔን ሆነ። ከድጃ ስትሞት ግን ያ ቤት አላስቀምጥ አለኝ። ሰሐብ መቃብር አሳርፌያት መሐል አማን ወረድኩ። አቡ ኸሊል የሚባል ሰው የኮምፒውተር ሱቁን አንድ ጥግ ለጠረጴዛዬ፣ ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል ለመኝታዬ አከራየኝ።

የሥራ ፈቃዴን ላሳድስ የሄድኩ ጊዜ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሹም ወረቀቴን እያገላበጠ፣

«ሥራ?» አለኝ።

«ወረቀቱ አትክልተኛ ይላል፤ እኔ ግን ኮምፒውተር ነው የምሠራው።»

«ኮምፒውተር ትተክላለህ?»

«እገጥማለሁ።»

«ውሃ ይፈልጋል?»

«ኧረ ውሃስ ይገድለዋል።»

«እንግዲያው መጥፎ አትክልተኛ ነህ» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። እስከ ዛሬ በዚህ አገር ወረቀት አትክልተኛ ነኝ፤ በአማን እንደኔ ኮምፒውተር የሚገጥም አትክልተኛ ግን አይገኝም።

አሁን ግራ ወዳጋባኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዐርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ መዲና የምትባል የአገሬ ልጅ ሱቅ መጣች። የአገሬ ልጅ ስል የዚያችው የከተማችን ልጅ ናት። ኻልዳ አንድ ቤት ተቀምጣ ስትሠራ ኖራ ኮንትራቷን ጨርሳለች፤ ሐሙስ ትሳፈራለች።

«ጋሼ ሰይድ እርስዎ ነዎት? የኮምፒውተር በሽታ ያውቃሉ የተባሉት?»

«ማወቅስ አላውቅም፣ በዳበሳ ነው የማገኘው» አልኳት። «ምን ልሥራልሽ?»

አገር ገብታ ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈት ሥራ ልትከፍት ነው። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ክስ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ያጠራቀመችው ሁሉ ለዚሁ ነው። «ይህ ከከሸፈብኝ ተመልሼ የሰው ቤት መጥረጌ ነው፣ ጋሼ። አልመለስም ብዬ ደግሞ ምያለሁ» አለችኝ። ዕቃዋን የሚወስድላት ካርጎ የሚቀበለው እስከ ቅዳሜ ማታ ብቻ ነበር። አንዴ ከሄደ የተሳሳተውን ዕቃ ማን ይመልስላታል?

አቡ ኸሊል ከባንኮኒው ጀርባ፣ «አንተ ሐጂ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ያገለገለ ላፕቶፕ ስጣትና ትሂድ» አለ።

መዲና ወደ እሱ ዞራ በዐረብኛ መለሰችለት። «ላፕቶፕ እግር አለው፣ ከሱቅ ወጥቶ ይሄዳል። ሲሞትም ሙሉውን ይሞታል። እኔ የምፈልገው የሞተው ቁራጭ ብቻ ተነቅሎ የሚቀየርለትን ነው።»

እዚህ ላይ ወደድኳት። ብዙ ደንበኛ አይቻለሁ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ቀለሙ ነው።

የኮምፒውተሩን ዕቃ አወጣሁ፣ ዘረገፍኩላት። ፕሮሰሰሩን ስክሪን በራሱ የሚያበራውን መረጥኩ። ከእሱ የሚረክሰው ስክሪን ካርድ ለብቻው ግዙልኝ የሚል ነው፤ በርካሽነቱ አታሎ ኋላ ያስከፍላል። ሜሞሪውን ባለ ስምንት ጊጋውን በአንድ ፍሬ አደረግኩና የጎኑን መሰኪያ ባዶ ተውኩት፣ ስታገኝ እንድትጨምርበት። ዲስኩ የሚሽከረከረው አይሆንም፤ የኛ መንገድ ላይ መኪና ሲነጥር አይተርፍም። ትንሽም ብትሆን የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ። አቡ ኸሊል ከኬዙ፣ ከውጭ ሳጥኑ ጋር በነፃ የሚመጣውን መብራት አከፋፋይ ፓወር ሰፕላይ ሊያስገባ ሲል ከእጁ ነጥቄ በግራዬ እሱን፣ በቀኜ ደህናውን ይዤ መዘንኩለት።

«ይህ ባዶ ቅል ነው። ውስጡ መዳብ የለም። መዳብ ይከብዳል፣ አቡ ኸሊል!»

«አንተ እዚህ ከተቀመጥክ ወዲህ በነፃ የምሰጠውን እንኳ የሚወስድልኝ አጣሁ» አለ።

መዲና ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ቦርድ ለእናቷ በገዛችው ብርድ ልብስ ጠቅልላ ልትልከው ፈለገች። ከዐረብ አገር የሚመለስ የኛ ሰው ያለ ብርድ ልብስ አይገባም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ ጮኽኩ። «እንዳታደርጊው! ያ ብርድ ልብስ በጨለማ ስትገልጪው ብልጭ ብልጭ ሲል አላየሽም? አንዷ ብልጭታ ቦርዱን ትገድለዋለች።»

«እንግዲህ እናቴንና ቦርዱን ላጣላ ነው?»

«በተለያየ ካርቶን ይሂዱ፤ እዚያ ይታረቃሉ።»

እስከዚህ ድረስ ያልገባኝ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ግን በእጇ የቀረው ገንዘብ የሚበቃው ከሁለት ዕቃ ለአንዱ ብቻ ሆነ፤ ወይ ፕሪንተር ወይ ዩፒኤስ። ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ፣ መብራቱ በኃይል ሲመለስም ግርፋቱን የሚቀበልለት ሳጥን ነው። መብራት የማይጠፋ ከሆነ ፕሪንተሩን ትይዛለች፣ ሥራ በጀመረች ዕለት ገቢ ታገኛለች። የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ ያ ሁሉ ድካሟ በአንድ ሳምንት ይቃጠላል። የቀረውን እዚያ ልግዛ ብትል ዋጋው ሰማይ ነው።

«ለመሆኑ እዚያ መብራት እንዴት ነው?» አልኳት።

«እኔን ይጠይቁኛል? እኔ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ! እርስዎ አይደሉ ከተማዋን እንደ መዳፌ አውቃታለሁ ያሉኝ?»

«በኔ ጊዜ ማታ ማታ ይመጣል...»

«በእርስዎ ጊዜማ ኩራዝ ነበር።»

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። «ሱቁ የት ነው የሚሆነው? እንደ ቦታው ይለያያል» ብዬ የቦርዱን ካርቶን ገልብጬ ከተማችንን ሣልኩላት። ወፍጮ ቤቱ ይኸው፣ ዋርካው ይኸው፣ ከዋርካው ፊት ለፊት ፍርድ ቤቱ።

«ዋርካው የቱ ነው?» አለችኝ።

«ዋርካውን አታውቂውም?»

«እኔ ዋርካ አላውቅም። መናኸሪያውስ የት ሄደ?»

«የምን መናኸሪያ?»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና በካርቶኑ በሌላ በኩል የራሷን ሣለች። አስፋልት፣ መናኸሪያ፣ ባንክ፣ ከባንኩ አጠገብ ፍርድ ቤት። ካርቶኑን ብናገላብጠው ብናገላብጠው ከድልድዩ በቀር የሚገጥም ነገር የለም። አቡ ኸሊል ከላያችን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ሁለታችሁ ከአንድ ከተማ ናችሁ?» አለ።

«አዎ!» አልን በአንድ አፍ።

«ይህ ግን ሁለት ከተማ ነው።»

እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር አልገጥም ሲለኝ ጠምዝዤም ገፍቼም አስገባዋለሁ። ይህኛውን ግን በየት በኩል እንደምይዘው ጠፋኝ። ስለዚህ ለታናሽ ወንድሜ ለአሊ በቪዲዮ ደወልኩ፤ እሱ ከከተማዋ ወጥቶ አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ! ምነው ደህና አይደለህም? ያለ በዓል ደወልክ እኮ!»

«ደህና ነኝ። መብራት እንዴት ነው?»

«ምን?»

«መብራት። ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?»

«መብራትማ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። እንደ ድሮው መሰለህ?»

መዲና በትከሻዬ በኩል ፊቷን አስገባች። «ጋሼ አሊ፣ እኔ መዲና ነኝ፣ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ጋስ አይጠፋም?»

«የቱ ፍርድ ቤት? ዋርካው ጋ የነበረው?»

«ይኸው!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«እሱማ ፈረሰ» አለ አሊ።

«መናኸሪያው ጋ ያለው ነው» አለች እሷ በተራዋ።

«እዚያም ነበር። አሁን ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ።»

«የምን ሆስፒታል?» ሁለታችንም ጮኽን።

አሊ ሳቀብን። «ምን ነካችሁ? እዚያ ጋ መብራት አይጠፋም፤ እኔ ዋስ እሆናለሁ። ግን ይህን ሁሉ ለምን...» ብሎ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። «ልትመጣ ነው እንዴ? ወላሂ ልትመጣ ነው! ሱቅ ልትከፍት ነው አይደል? መቼ ነው ወንድም ጋሼ?»

አፌን ስከፍት ስክሪኑ ጠቆረ።

«ጠፋ!» አለች መዲና እጇን አጨብጭባ። «አይጠፋም እያለ ጠፋ!»

«መብራት ከሆነ ስልኩ አብሮ አይጠፋም። ኔትወርክ ነው።»

«መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ይሄዳል፣ ጋሼ!»

«የኔ ዋይፋይ ነው» አለ አቡ ኸሊል። «ከትናንት ጀምሮ ይቆራረጣል።»

ሦስታችንም የጠቆረውን ስልክ ከበን ቆምን። ብልሽት እንዲህ ከሦስት አቅጣጫ ሲመጣ ፈትቼ አያለሁ፤ ግን ይህ በየት ይፈታል? እኔ ፕሪንተሩን ያዢ ልላት ነበር፣ ወንድሜ ዋስ ነኝ ብሏልና። አሁን ግን ዋስነቱም አብሮ ጠቆረ።

መዲና ስልኳን አየች። የኻልዳዋ አሠሪዋ እየደጋገመች ትደውልላታለች፤ አላነሣችም። ከዚያ፣ «ዩፒኤሱን ያድርጉልኝ» አለች። «ፕሪንተር ያለው ጎረቤት አይጠፋም፤ እየሮጥኩ አሳትማለሁ። ይህ ከተቃጠለብኝ ግን ወዴት እሮጣለሁ?»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ይህን ቃል ለሰው ብዙ ጊዜ አልሰጥም።

ገጥሜ፣ አብርቼ፣ አማርኛ ፊደሉን ጭኜ «ማመልከቻ» ብላ እንድትጽፍ አደረግኋት። ጻፈች። ቃሉን አየችና መልሳ አጠፋችው። ዕቃውን እያሸግን ሳለን ስልኬ ጮኸ። አሊ ነው።

«ምን ሆኖ ነው የተቋረጠው? እናንተ ጋ መብራት ጠፋ እንዴ?» አለኝ።

መዲና ሳቋን ልትይዝ አፏን ሸፈነች።

«እህስ? መቼ ነው የምትመጣው?»

ለማንኛውም ጥያቄ መልስ አላጣም፤ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ከድጃ ሰሐብ ናት፣ ጠረጴዛዬ እዚህ ነው፣ ወረቀቴ አትክልተኛ ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ እየጠበቀ ነው። 

«ዝናብ አለ?» አልኩት።

«አለ እንጂ! ሐምሌ አይደል?» ብሎ ስልኩን ወደ ውጭ አዞረልኝ። ዝናቡ በግዴለሽነት ይወርዳል፣ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ ያልፋል፣ ማዶ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። የቆርቆሮው ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ አቡ ኸሊል እንኳ ቀና አለ። እኔ የማውቀው ነገር ፈለግሁ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ አጥር።

«የት ቆመህ ነው የምታሳየኝ?»

«የት ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ? የእናታችን ቤት በር ላይ ነኛ! አይታይህም?»

«ይታየኛል» አልኩት። «ትንሽ ያዘው። ቶሎ አትመልሰው።»