ሁሴኖ የነቀለው ሻወር

ሁሴኖ ቱሳ የቧንቧ ሥራን የተማረው ከአንድ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ በእርሻ ባለሙያነት አሰላ መጥቶ ከከተማው ዳር፣ ከጭላሎ ተራራ ወገን ባለ ቤት ይኖር ነበር። የአሰላን ብርድ ስላልቻለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ውሃ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሻወር ከአገሩ አስመጣ። ሁሴኖ ያኔ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሻወሩን አብሮት ሲተክል ቧንቧው እንደ ሌላው በመፍቻ የሚጠብቅ እንዳልሆነ አየ። የፕላስቲኩን ቧንቧ መጋጠሚያው ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ባለጥርስ ቀለበት ነክሶ ይይዘዋል፤ ለማላቀቅ ደግሞ የመጋጠሚያውን አንገት በጣት ወደ ውስጥ ተጭኖ መሳብ ነው። ሥራው እንደ ጨዋታ ቀለለው፣ ወደደውም። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁሴኖ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ፤ ሀሊሜን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ።

የፈረንጁን ቤት ቀበሌው ወሰደው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ አፈሳው ሲበረታ፣ ከገበያና ከመንገድ የተያዙ ወጣቶች ወደ ማሠልጠኛ የሚጭናቸው መኪና እስኪመጣ እዚያ ይታጎሩ ጀመር። ሁሴኖ ወንድ ልጅ ስለሌለው አፈሳው ደጁን አልነካም። አጥር የምትጋራው ወይዘሮ ውድነሽ ግን አንድ ልጇ ኃይለመስቀል ተወስዶባት ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጁን ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። ሀሊሜ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ደግፋ ያዋለደቻትም እሷ ነበረች።

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይርሳው ሁሴኖን አስጠራውና የፈረንጁን ሻወር ነቅሎ ውሃውን እንዲደፍነው አዘዘው። ሁሴኖ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀ። ይርሳው አልተበላሸም አለ፤ ግድግዳው ላይ ምንም የተንጠለጠለ ነገር እንዳይኖር ብቻ ነው የምፈልገው አለው።

ጥበቃው ገብረ መድህን በሩን ከፍቶ አስገባው። ሽታው ከኮሪደሩ ጀምሮ ተቀበለው። መኝታ ክፍሉና መታጠቢያ ቤቱ መካከል የነበረው በር ተነቅሎ ወጣቶቹ እስከ ሻወሩ ሥር ድረስ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሁሴኖ በአጠገባቸው ሲያልፍ እግራቸውን ሰበሰቡለት። ሻወሩ ከግድግዳው በአንድ ጎኑ ተላቆ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ከላይ ውሃ የሚረጨው ክንዱ ላይ የተቀደደ የሸሚዝ እጅጌ ቋጠሮ ቀርቶ ነበር።

የሻወሩን መብራት አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተ። ገብረ መድህን ሲጋራ ሊያጨስ ወደ ደጅ ሲወጣ ከተቀመጡት አንዱ በስሙ ጠራው። ከዲሮ የሚባል፣ ከዴራ እየመጣ አሰላ ውስጥ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ነበር።

«ኦቦ ሁሴኖ፣ እዚህ የተሰቀለው የውድነሽ ልጅ ነው» አለው።

ሁሴኖ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመ። ከዲሮ በዝቅታ ነገረው። ኃይለመስቀል ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ክፉኛ ተደብድቦ ነበር። ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም፤ ሰውም አላናገረም። ሌሎቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሸሚዙን ቀዶ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ። ሬሳውን ጥበቃዎቹ በጆንያ ጠቅልለው አወጡት። ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም።

«ደግሞ ይህን ከነቀሉት የምንጠጣው የለንም» አለ ከዲሮ ቀጥሎ። «የሚሰጡን ውሃ አይበቃም። ከዚሁ ነበር የምንቀዳው።»

ሁሴኖ ወደ ሻወሩ ተመለሰ። ቋጠሮውን ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ሽቦዎቹን ለያይቶ፣ ብሎኖቹን አውጥቶ፣ የመጋጠሚያውን አንገት ተጭኖ ቧንቧውን ሳበው። ሻወሩ ክንዱ ላይ ወደቀ፤ ከጠበቀው በላይ ከበደው። ከግድግዳው የወጣውን ቧንቧ በመድፈኛ ሊዘጋው ሲል ግን ወደ ከዲሮ ዞሮ እጁ በደንብ እንዲታየው አደረገ።

«ይቺን አንገት በጣትህ ተጫንና መድፈኛውን ሳብ። ስትጨርሱ መልሰህ ግፋው፣ ራሱ ይነክሳል» አለው። ጣሪያው ላይ ካለው በርሜል የሚመጣውን፣ ለሥራው የዘጋውን ውሃም መልሶ ከፈተው። ገብረ መድህን ተመልሶ ገብቶ ግድግዳውን አየና ጥሩ ነው አለ።

ከግቢው ሲወጣ ውድነሽ በር ላይ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። ልጅሽ ወደ ማሠልጠኛ ሄዷል ቢሏትም አላመነችም። ሁሴኖን ስታይ ተጠጋችው፤ ልጄን አየኸው ወይ ብላ ጠየቀችው። ብዙ ሰው አለ፣ አልለየሁም አላት። ዓይኗን ማየት ስላቃተው መሬት መሬት እያየ አለፋት።

ያን ቀን በጊዜ ቤቱ ገባ። ነገሩን ለሀሊሜ ሲነግራት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና፣ በየቀኑ ምግብ ይዛ ለሞተ ሰው እንድትቆም ልንተዋት ነው ወይ አለችው። ሁሴኖን ያስጨነቀው ግን መንገሩ ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን ከክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር ስለኖረ፣ ራሱን ለገደለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንደማታደርግ ያውቃል። ውድነሽ ሬሳውን አታገኝም። እውነቱን ሁሉ ከነገራት ጸሎቱንም ታጣዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ከሀሊሜ ጋር ሆነው ሄዱ። ውድነሽ ደጅ ላይ ጌሾ እያሰጣች ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው እጇን አራግፋ ተነሣች።

«ሞቷል?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ ውድነሽ።»

«በምን?»

ሁሴኖ ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረውን ቃል ተናገረ። «ደብድበውት ነው። ከድብደባው አልተነሣም።»

አልጮኸችም። ጌሾው ላይ ተቀመጠች፤ ሀሊሜ አጠገቧ ቁጭ ብላ አቀፈቻት። ሁሴኖ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ጩኸቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ሲመጣ ግን ሰፈሩን ሁሉ አወጣው።

በዚያው ቀን ውድነሽ ጥቁር ለብሳ ቀበሌው ቢሮ ገባች፤ ደብድባችሁ የገደላችሁትን የልጄን ሬሳ ስጡኝ አለች። ማን እንደነገራት አልተናገረችም። ቢሆንም በዚያ ሰሞን ከውጭ ገብቶ የወጣ ሰው ሁሴኖ ብቻ ስለነበር፣ ገና ሳይመሽ መጥተው ወሰዱት።

ይርሳው የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር። ልጁ ራሱን መስቀሉን ለእናቱና ለነፍስ አባቷ ሄዶ እንዲናገር፣ ከዚያም ወደ ቤቱ እንዲገባ።

«ቋጠሮውን በእጅህ ፈትተህ የለም እንዴ?» አለው። «እኛን ለምን ነፍሰ ገዳይ ታደርገናለህ? እውነቱን ተናገርና ሂድ።»

ሁሴኖ እውነቱ የይርሳው መሆኑን ያውቃል። እሱን የከበደውም ይኸው ነው። ዋሽቷል፤ የዋሸው ደግሞ በሐዘንተኛ ፊት ነው። አላህ ይህን እንዴት እንደሚያይበት አያውቅም። የውድነሽን ጌሾ ላይ መቀመጥ ግን አስታወሰ።

«የማውቀውን ተናግሬያለሁ» አለ።

ገረፉት። እምቢ ባለ ቁጥር ጥያቄው ያው ነበር፤ ሄደህ ትናገራለህ ወይስ አትናገርም። በመጨረሻ ቀኝ እጁን ጠረጴዛ ላይ አስይዘው በጠብመንጃ ሰደፍ ጣቶቹን ሰባበሩት። ሲፈታ ለምን እንደተፈታም የነገረው የለም። ከዲሮና ጓደኞቹ እሱ ታስሮ ሳለ ተጭነው ሄደው ነበር።

ጣቶቹ ተጣመው ገጠሙ። ብሎን መያዝ፣ መፍቻ ማጥበቅ አልቻለም። ሲጠሩት ይሄድና እያፈረ ይመለስ ነበር፤ በኋላ መጥራቱንም ተዉት። ሀሊሜ ዳቦ ጋግራ ገበያ ላይ እየሸጠች ቤቱን ያዘች። ሁሴኖ ቁጡ ሆነ። ልጆቹ ሲስቁ እንኳ የሚናደድበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ይጸጸትና ወጥቶ ብቻውን ይቀመጣል።

ፍትሐቱ ግን ተደረገ። ውድነሽ አርባውንም፣ ተዝካሩንም ሳታጓድል አወጣች። በተዝካሩ ቀን ለእስላም ጎረቤቶቿ ለብቻ በግ በእስላም እጅ አሳርዳ ለብቻ አሠርታ ነበር። ሁሴኖ በቀኙ መቁረስ ስላልቻለ ሀሊሜ አጎረሰችው። ቄሶቹ የኃይለመስቀልን ስም እያነሡ ሲጸልዩ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ይርሳው ከከተማው ጠፋ። ጥበቃው ገብረ መድህን ግን እዚያው አሰላ ኖረ። አንድ ቀን ጠጅ ቤት ውስጥ ያን ልጅ እኛ አልገደልነውም፣ ራሱን ነው የሰቀለው ብሎ አወራ፤ ወሬው ውድነሽ ጆሮ ገባ። በማግስቱ ሁሴኖ ቤት መጣች። ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር፤ አጠገቡ ተቀመጠች።

ገብረ መድህን ያለውን ነገረችው።  ሁሴኖ የተጣመሙትን ጣቶቹን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ።

«እትዬ ውድነሽ፣ እኔ...»

«ተወው» አለችው። «እኔ አንተ ያልከውን ነው የማውቀው። ለማንም ሌላ አትናገር።»

ብዙ ሳትቆይ ተነሣች። ሀሊሜ የሰጠቻትን ትኩስ ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በአጥሩ ጥግ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች።