አልነሳ ያለችው ቆቅ

ልጄ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች። ባለፈው እሑድ፣ አውቶቡሷ ሊነሳ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ «አባዬ፣ ከመሄዴ በፊት ወፍ እንይ» ብላ ሱቄን አስዘግታ ደብረ ማርቆስ ዳር ወዳለ የቤተ ክርስቲያን ደን ወሰደችኝ። እኔ ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ፤ ወፍ ብርድ ልብስ አይገዛም። ቢሆንም ሄድኩ። ሣሩ ውስጥ አንዲት ቆቅ ለጥ ብላ አየን። ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «እስክትነሳ እንጠብቅ» አለችኝ። ይቺን ቃል ከሰማሁ አርባ ዓመት አልፎኛል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ቁይ በምትባል የጎጃም ከተማ። አባቴ መምህር ነበር፤ ወፍ ይወዳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሌላው ሰው ወደ ጠላ ቤት ሲያቀና እኛ ወደ ወፍ እናቀናለን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴና እኔ። ነጭ ነጠላ ወፍ ያባርራል ብሎ እናቴን የድንች ጆንያ የመሰለ ሻል ያስለብሳታል።

የዚያን ቀን ግን ልቤ ወፍ ላይ አልነበረም። አንድ ድንች ነጋዴ አዲስ አበባ መጋዘኑ ሊያሠራኝ ተስማምቷል። «አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ የመኪናዬን ጥሩምባ እነፋለሁ፤ ከሌለህ አልጠብቅም» ብሎኛል። አባቴ፣ «ወፍ አይተህ ትደርሳለህ» አለኝ። ልብሴን በፌስታል ይዤ ተከተልኩ።

አባቴ በቅጠል በሠራት ጠባብ ዳስ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቋልፈን ተቀመጥን። የጥቅምት ብርድ ከሥር ይበላናል። ፊት ለፊታችን ቆቅ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያየው የሚሸሽ የቆቅ ጭራ ብቻ ነው። ይቺ አልሸሸችም። ደስታው አሳበደውና፣ «ማርያምን! እሷ ሳትነሳ የሚነሳ ሰው የተገዘተ ይሁን!» አለ።

በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። የአባቱን ግዝት ጥሶ መንገድ የጀመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል። የእኔ መንገድ ደግሞ በዓባይ በረሃ፣ በዚያ ሁሉ ገደል ላይ ነው የሚያልፈው።

ጠበቅን። ፀሐይ በረታች፣ ሣሩ እንፋሎት አወጣ፣ የእህቴ እግር ደነዘዘ። ቆቋ ዓይኗን ታርገበግባለች እንጂ ንቅንቅ የለም። ጥሩምባው ተነፋ። ብድግ ልል ስል እናቴ ጃኬቴን ጨመደደችው።

«ወዴት? አባትህ እኮ ገዝቷል!»

«አባዬ፣ በናትህ ፍታን!»

«ቄስ ነው እንጂ እኔ አልፈታም» አለ በሹክሹክታ፤ ላብ አጥምቆታል። «እኔስ ቢሆን ሽንቴ መጥቶ የለም?»

ጥሩምባው ተደገመ። ከዚያ መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሰማሁ፤ ድምፁ ቀጠነ፣ ጠፋ።

ያን ጊዜ እናቴ ቋጠሮዋን ፈታች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ድምፅዋንም ሳትቀንስ፣ «እንግዲህ ቄስ ጥሩ። እቺ ዕንቁላል ታቅፋለች፤ ለሳምንትም አትነሳም» አለች።

አባቴ አፉን ከፈተ። «መቼ አወቅሽ?»

«ዶሮ ሳረባ የኖርኩ ሰው? ገና ሳያት ነዋ!» ወደ እኔ ሳታይ ዳቦውን ዘረጋችልኝ። «እንካ፣ ብላ።»

ተጯጩኸን በመንገድ የሚያልፉ ቄስ ጠራን። ቆቋ ያኔም አልተነሳችም። ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ «መምህር፣ በወፍ ይገዘታል?» ብለው መስቀል አሳልመው ፈቱን። ነጋዴው በሳምንቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። እኔ የደረስኩት እስከ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እዚሁ ቀረሁ። ብዙ ብልጥ ነጋዴ አውቃለሁ፤ እንደ እናቴ ዝም ብሎ ያተረፈ ግን አላየሁም።

ልጄ አሁንም ቆቋን ታያለች። ሰዓቴን አየሁ። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ዳቦ እንኳ አለ።

ጉልበቴን ይዤ ቆምኩ። «ተነሽ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል። ታቅፋለች፤ አትነሳም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«አያትሽ ነገረችኝ» አልኳት፤ «ትንሽ ዘግይታ ነው እንጂ።»