ባሕር የተሻገረው ጋቢ

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ሜልቦርን ውስጥ፣ ብሬብሩክ፣ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ዛሬም አንድ ቦታ ካርቶን ሲታሸግ የፕላስተሩን ድምፅ ከሰማሁ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ሮዌና ትባላለች። የምንሠራውም አብረን ነበር፤ የምግብ ናሙና የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ። በአገሯ ኬሚካል ኢንጂነር ነበረች። እዚህ ስትመጣ ግን የትምህርት ማስረጃዋ ተቀባይነት እስኪያገኝ ሁለት ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድታለች። ይህን ስታወራ አታማርርም። “እንደኔ አልጋ ማንጠፍ የሚችል ኢንጂነር የለም” ትልና ትስቃለች።

የሚያሳዝናት ሌላ ነገር ነበር። አባቷ ሲሞቱ የመኖሪያ ፈቃዷ ገና ስላልወጣ መሄድ አልቻለችም። ቀብራቸውን በስልክ ነው ያየችው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም አልሄደችም። አባቷ የሌሉበትን ቤት በር መክፈት እንደምትፈራ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነገረችኝ። በየዓመቱ ለገና እሄዳለሁ ትላለች፤ የሚሄደው ግን ካርቶን ነው።

ካርቶኑ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። ኮሪደር ላይ ይቀመጥና ለወራት ትሞላዋለች። ሳሙና፣ ቸኮሌት፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ፎጣ፣ የእህቶቿን ልጆች እግር በወረቀት አስለክታ የገዛችው ጫማ። ዕቃው እንዳይንገጫገጭ በመሃል በመሃሉ አሮጌ ልብስ ትጠቀጥቅበታለች። ውጭ አገር የሚኖር የአገሯ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርግ ነግራኛለች። “እኔ መሄድ ሲያቅተኝ እሱ ይሄድልኛል” ትለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ የእናቴ ጋቢ ነበረኝ። እማ ደሴ ላይ ስታርፍ እኔም ከዚህ መንቀሳቀስ አልችልም ነበር። በዓመቱ ታላቅ እህቴ ዘሀራ ጋቢዋን በሰው ላከችልኝ። እማ ራሷ የፈተለችው ነው። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አልለብሰውም፣ አላጥበውም። ሲከፋኝ ብቻ ፌስታሉን ፈታ አድርጌ አሸተዋለሁ። የእማ ጠረን እዚያ ውስጥ ነበር።

በዚያ ክረምት የመኝታ ቤቴ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ያገኘሁትን ሁሉ በጥድፊያ ወደ ኮሪደር አወጣሁ። ከዚያ መሃል የማልለብሳቸው ሹራቦች ያሉበት ፌስታል ስለነበር ሮዌናን “ያንን ጥቁር ፌስታል ለካርቶንሽ ውሰጂው” ብያት ወደ ሥራ ሮጥኩ።

ጥቁር ፌስታል ሁለት ነበር።

ይህን ያወቅሁት ጣሪያው ተጠግኖ ዕቃዬን ስመልስ ነው። ፌስታሉን ስፈታው ሹራቦቹ ናቸው። ሌላውን ፈለግሁ፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ገባሁ። ካርቶኑ ከሄደ አራት ቀን ሆኖታል። ሮዌና ነገሩን ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው የጭነት ወኪሉ ጋ ደወለች። ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ወጥቶ ሄዷል። እናቷ ጋ ደውላ ነጩ ጋቢ የሰው መሆኑን፣ በስህተት መግባቱን፣ ሲደርስ ለብቻው እንዲያስቀምጡት ነገረቻቸው። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

ሁለት ወር ጠበቅን። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ምሳ እየበላን ስልኳ ጠራ። ወጣ ብላ አውርታ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

እናቷ አጥበውታል።

የሰው አደራ ስለሆነ ንጹሕ ሆኖ መመለስ አለበት ብለው ነው። መዓዛ ባለው ሳሙና ዘፍዝፈው፣ በእጃቸው አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ተኩሰው አስቀምጠውታል። ጠርዙ ላይ የተተረተረውን እንኳ ሰፍተውታል።

ምንም አይደል አልኳትና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ጉዳይ በስተቀር አላናገርኳትም። አብረን ላለመሄድ ስል ከእሷ በፊት ያለውን አውቶቡስ እይዝ ነበር። እንዳጠፋሁ አውቃለሁ፤ ግን ልቤ እንቢ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ዘሀራ ጋ ደወልኩ። አብራኝ እንድታለቅስ ነው የፈለግሁት። እሷ ግን ጨርሼ እስክነግራት ጠበቀችና፣

“እኔ እኮ አጥቤ ነው የላክሁልሽ” አለችኝ። “ታማሚ የለበሰውን እንዲሁ እልክልሻለሁ እንዴ?”

“ታዲያ ጠረኑስ፣ እትዬ?”

“የእኔ ሣጥን ነዋ። ልብስ መሃል አሪቲ አደርግ የለ።”

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ እንባዬ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ናት ብዬ ሳሸት የኖርኩት እህቴን ነው። እሷ ደግሞ በሕይወት አለች፤ ደሴ ተቀምጣ የእኔን ስልክ ትጠብቃለች። እኔ የምደውልላት ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ ነበር።

ስልኩን ዘግቼ የሮዌናን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ እንድታደርግልኝ ለመንኳት፤ እሷም ለመነችኝ። ከዚያ እናቷ ጋ በቪዲዮ ደወለች። አጭር፣ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ያሰሩ ሴት ናቸው። ጋቢውን በሁለት እጃቸው ይዘውት አገኘኋቸው። ሮዌና እየተረጎመች ብዙ አወሩኝ። የእናቴን ስም ጠየቁኝ። መዲና አልኳቸው። መዲና፣ መዲና እያሉ አፋቸው እስኪለምደው ደጋገሙት።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ።  ምን አሉ ብዬ ሮዌናን ጠየቅኳት።

“ይህን በካርቶን አልመልሰውም፣ መጥተሽ ውሰጂው አለችኝ።”

ለገና ሄደች። ኤርፖርት የሸኘኋት እኔ ነኝ፤ ቼክ ኢን እስክታደርግ እጄን አልለቀቀችም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ጋቢውን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን አጫወተችኝ። የአባቷ ወንበር ያው ቦታው ላይ ነው። እሷን ያስለቀሳት ግን ወንበሩ አልነበረም።

“ሰባት ዓመት የላክሁት ሳሙና ሁሉ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ አገኘሁት” አለችኝ። “ፎጣዎቹም ከነወረቀታቸው። እናቴን ለምን አልተጠቀምሽበትም ስላት፣ አንቺ ስትመጪ አብረን እንጠቀምበታለን ብዬ ነው አለችኝ። ከዚያ ሁሉ የተከፈተው አንድ ሳሙና ብቻ ነው። ለእናትሽ ጋቢ የከፈተችው።”

ከዚያ ወዲህ ሮዌና ካርቶን አትልክም። በየዓመቱ ራሷ ትሄዳለች።

እኔ አሁን ባል አግብቼ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሌላ ሰፈር ገብቻለሁ። ጋቢውን ብርድ በሆነ ቁጥር እለብሰዋለሁ፤ ሲቆሽሽም አጥበዋለሁ። ነገሩ ለበጎ ሆነ ብዬ መናገር ግን አልወድም። የእማ ጠረን እውነት ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ እሞክርና አይመጣልኝም፤ ይህ ዛሬም ያመኛል። ዘሀራ ጋ ግን በየጁምዓው እደውላለሁ። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ኑሮ መወደድ ታወራኛለች። አንዳንዴ ወሬ ያልቅብናል። ያን ጊዜ እሷም አትዘጋውም፣ እኔም አልዘጋውም፤ እሷ ዕቃ ስታጥብ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ስልኩ እንደተከፈተ ይቆያል።