ኢተፋ ያልቀቡት ፓምፕ

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ያዮ ስሄድ ሁሩሙ ላይ መኪናዬን አቁሜ ብወርድ ከሞተሩ ስር ቀይ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በማር ጄሪካንና በእግረኛ ተጨናንቋል። አንድ ባጃጅ ነጂ ወጣት ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የመሪ ዘይት ነው። ቀቢው ጋ ውሰጂው፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። ብቻ ዕቃ ሲቀይርልሽ ከአጠገቡ እንዳትርቂ» አለኝ።

«ለምን ቀቢው አላችሁት?»

«አሮጌ ፓምፕ ቀለም ቀብቶ ሲሸጥ ተይዞ ነበር አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

በዘጋቢነት ዕድሜዬን የገፋሁት «ማን አለ?» እያልኩ ነው። የዚህን ወሬ ምንጭ ግን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ወሬውን ባልጀምረውም፣ እውነት እንዲመስል ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መቱ ላይ ባጃጅ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ አባቴ የቤታችንን ነጭ መኪና እንድነዳ ፈቀደልኝ። አባቴ ሐጂ ኑሩ የማር ነጋዴ ነው። ከጣሪያ ወድቆ ከተጎዳ ወዲህ ግራ ክንዱ ኃይል አልነበረውም፤ የሁሩሙንና የያዮን ገበያ የሚያዳርሰው መሪው በጣት ስለሚታዘዝለት ብቻ ነበር። የመሪው ፓምፕ ማፍሰስ ሲጀምር ግን መኪናዋ በየኩርባው ታቃስት፣ መሪው ይከብድ ጀመር። እኔ ሹፌር የሆንኩት ያኔ ነው። አጎቶቼ «ሴት ልጅ በገበያ መንገድ?» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ አባቴ «አንዲት ጥፋት ካየሁባት ቁልፉን እነጥቃታለሁ» ብሎ ዝም አሰኛቸው። ያንን ቃል አልረሳሁትም።

ፓምፑን የቀየሩልን ጋሼ ኢተፋ ናቸው። መቱ የነበረው ጋራዣቸው አንዲት ዋንዛ ዛፍና ከጎኗ የቆመ የቆርቆሮ መጠለያ ነበር። ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አውልቀው አሮጌውን ፓምፕ በጭቃና በዘይት እንደተለወሰ አወጡት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣውን አዲሱን ከነወረቀቱ ለአባቴ አሳይተው አሰሩት። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ቀስ እያልኩ እንዳዞር አዘዙኝ። በዘይት መያዣው ውስጥ አረፋው እየተንፈቀፈቀ ወጥቶ አለቀ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የቀረ አየር ሲወጣ ዘይቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ይቺን ጨምሪበት። ቀዩን ብቻ! ሌላ ዘይት የፓምፑን የጎማ ማሸጊያዎች ይበላቸዋል።» የቀይ ዘይቱን ጠርሙስ ከኋላ በካርቶን አስቀመጡልኝ።

በሳምንቱ አንድ ተጨማሪ ጄሪካን ማር ለማስገባት ብዬ ካርቶኑን ቤት ጥዬው ወጣሁ። ኅዳር ነበር። በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና የመፍላት ሽታውን መንገድ ላይ ይለቀዋል። ሁሩሙ ገብቼ ጨጨብሳ በማር በልቼ ስነሳ መሪው አቃሰተ። ዘይቱ ዝቅ ብሏል። ሱቅ ለሱቅ ብዞር ቀይ ዘይት የለም። አንድ የሚኒባስ ረዳት «ዘይት ዘይት ነው፣ እመቤት፤ ጨምሪና ሂጂ» ብሎ የፍሬን ዘይት አቀበለኝ። ጨመርኩ። ማቃሰቱ ቆመ። እየዘፈንኩ ወደ መቱ ተመለስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እኔ ፈተና ላይ በነበርኩበት ቀን፣ አባቴ ብቻውን ያዮ ሄደ። ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ መሪው ድርቅ አለበት። በአንድ ክንዱ ታግሎ ሲያቅተው መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የቡና ተክል ውስጥ ገባች። በሚኒባስ ተሳፍሮ ቤት ሲደርስ ሱሪው ማር፣ ሸሚዙ የቡና ቅጠል ነበር። ቁስል አልነበረበትም። እኔን ሳያይ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደና በደንበኞች ፊት ጮኸ፤ «አሮጌውን ቀብተህ ነው የሰጠኸኝ! ልትገድለኝ ነበር!»

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ዋንዛው ስር ተቀመጡ። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ነበር። ጋሼ ኢተፋ የዘይት መያዣውን ከፈቱ፣ ጣታቸውን ነከሩ፣ አሸተቱ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ዘሃራ፣ ከሰጠሁሽ ቀይ ዘይት ሌላ የጨመርሽበት አለ?»

«ትናገር!» አለ አባቴ። «የኔ ልጅ አትዋሽም።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጨበጥኩት።

«የለም» አልኩ።

ጋሼ ኢተፋ ሽማግሌዎቹ የተበላሸውን ዘይት አንድ በአንድ እንዲያሸቱት ማድረግ ይችሉ ነበር። ክዳኑን መልሰው ገጠሙትና «ልጅቱ የለም ካለች የለም ነው» አሉ። ተፈረደባቸው፤ ሌላ ፓምፕ ከራሳቸው ገዝተው አሰሩልን፣ የአባቴን ትከሻ ስመው ይቅርታ ጠየቁ። «ኢተፋ ቀቢው» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያው ሳምንት ነው። የሚኒባስ ባለቤቶች መምጣት አቆሙ። በቀጣዩ ክረምት መጠለያው ፈርሶ አየሁት። ሁሩሙ ገብተው የወፍጮ ሞተር ይጠግናሉ ሲባል ሰማሁ፤ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሁልጊዜ በፍጥነት ነበር የማልፈው።

ባለፈው ወር ግን ወደ ወፍጮ ቤቱ ነዳሁ። ጋሼ ኢተፋ ሸብተዋል። የሚንጠባጠበውን ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። «ቀዩ ነው፤ ንጹሕ ነው። ፓምፑ አርጅቶ ነው» አሉና ቀና ሲሉ ዓይናቸው ለየኝ።

«ያኔ የፍሬን ዘይት ጨምሬበት ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ። ሸቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሐጂ ቁልፉን ይነጥቁሻል ብዬ ነዋ። ደግሞ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፣ ነገ ትናገራለች አልኩ።» መፍቻቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ጠበቅሁሽ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ዛሬም ለእንግዳ ሲያወራ የቀቢውን ታሪክ እንደ ቀልድ ያነሳል። በሚቀጥለው አርብ ምሳ ላይ ሲጀምረው፣ ከእንግዶቹ ፊት አቋረጥኩትና የሆነውን ነገርኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሽማግሌዎቹ ሞተዋል» አለ። «አሁን ለማን ልንገር?» በገበያው ቀን ሁሩሙ ወሰድኩት። በዚያ በደካማ ክንዱ ጋሼ ኢተፋን አቅፎ፣ ወፍጮ ወረፋ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት ትከሻቸውን ሳመ።

ጋዜጣ ላይ ስሳሳት በማግስቱ እርማት አወጣለሁ፤ ስህተቱ በወጣበት ገጽ። ይህን ስህተት ግን ያተምኩት በሰው አፍ ላይ ነው፤ ገጽ የለውም። ያን ዕለት አባቴን መኪናው ላይ አሳፍሬ ልነሳ ስል ያ ባጃጅ ነጂ አየኝና፣ «እሺ፣ ቀቢው በደንብ ሠራልሽ?» አለኝ።

«ስማቸው ኢተፋ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፤ ቀቢውን።»

ከመኪናዬ ወረድኩ። «ሞተርህን አጥፋና ስማኝ» አልኩት፤ ካርቶኑን ቤት ከተውኩበት ጠዋት ጀመርኩለት።