የኦሜር ኮድሮን ባለውለታዎች

አባቴ ኦሜር ኮድሮን ከሰል ቆፋሪ ነበር። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከላንስ ከተማ ወዲህ ባለችው መንደራችን ወንድ ሆኖ ከሰል ያልቆፈረ ቄሱና የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ባቲስት ብቻ ነበሩ። እኔ ዜሊ ልጁ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከሴቶቹ ጋር መብራት አድል ነበር። ጠዋት ለሚወርዱት ለኩሰን እንሰጣለን፣ ሲወጡ ተቀብለን በየመንጠቆው እንሰቅላለን። ጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ እሳት የተነሳ ዕለት አብዛኛው መንጠቆ ባዶውን አደረ። የአባቴም መንጠቆ ባዶ ነበር።

ከታች ጭስና መርዘኛ አየር ስለሞላ ሊያድኑ የወረዱትም ሳይመለሱ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደፈረም። እናቴ ሲዶኒ በሩ ላይ ቆማ ስሙን ስትጠራ ድምጿ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ባቡር መጣና ከባቡሩ ጀርመኖች ወረዱ። ከዌስትፋሊያ የመጡ የከሰል ሠራተኞች ናቸው። ጀርባቸው ላይ አየር የታጨቀበት ብረት ተሸክመዋል፣ ፊታቸው በጭንብል ተሸፍኗል። ከእኛ ሰው አንዱ «እነዚህን ደግሞ ማን ጠራቸው?» አለ። እውነትም ማንም አልጠራቸውም። ሰምተው ነው የመጡት።

አባቴ ከወደቀ የጣሪያ ድጋፍ ግንድ ሥር እግሩ ተይዞ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከሰል የሚጎትቱትን ፈረሶች ገብስ እያኘከ ነበር የቆየው። ያገኘው አልቪን ብሮክማን የሚባል ቀይ ጺም ያለው ሰው ነው። ጭንብሉን ከራሱ ፊት አውልቆ አባቴ ፊት ላይ አደረገለት፤ እየተቀያየሩ ተነፈሱ። አባቴ እየጓጓ አየሩን ሲስብ አልቪን በቋንቋው «ቀስ! ቀስ!» ይለው ነበር። አባቴ መጀመሪያ ያወቀው የጀርመን ቃል ይኸው ሆነ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየዓመቱ ለአልቪን ማሯል የሚባለውን የአገራችንን አይብ ይልክ ነበር። አይቡ እንዴት እንደሚሸት የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። አልቪን አንድ ጊዜ «ወንድሜ ኦሜር፣ ፖስተኛው ሬሳ የላክህልኝ መስሎት ፖሊስ ጠርቶብኛል» ብሎ መለሰለት። አባቴ ይህን ለመንደሩ ሁሉ አወራ።

በሁለተኛው ዓመት አልቪን ከሚስቱ ከሄድቪግ ጋር ሊጠይቀን መጣ። አባቴ የክት ልብሱን ለብሶ እንግዳውን ይዞ ወደ ባቲስት ቤት ሄደ፤ እኔም ተከትዬ ነበር። የባቲስት አባት እ.ኤ.አ. በ1870ው ጦርነት በፕሩሲያዎች፣ በጀርመኖቹ፣ እጅ ሞቷል። ባቲስት ሁለቱን ሲያይ ብርጭቆ መወልወሉን አቆመ።

«ቢራ የለም» አለ።

«ይኸው በርሜሉ!» አለ አባቴ።

«ለአንተ አለ። ለፕሩሲያው አማችህ የለም።»

ሰዉ ሳቀ። አልቪን ነገሩ ገብቶት አባቴን በክንዱ ያዘው። አባቴ ግን «እንግዲያውስ ለእኔም አይኑር» ብሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመንደሩ ቧልተኞች አባቴ «የፕሩሲያው አማች» ሆኖ ቀረ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዱ «ኦሜር፣ አማቾችህ ምን አሉ? አዲስ መድፍ ወልደዋል አሉ!» ሲለው፣ «አዎ፣ የኛዎቹ ታላቅ ወንድሙን ስለወለዱ ብቻውን እንዳይሆን ብለው ነው» አለው።

በዚያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። ጀርመን መርከብ ስትሠራ እንግሊዝ በእጥፍ ትሠራለች። እንግሊዝ ስትጨምር ጀርመን «ከበቡኝ» ብላ ትጨምራለች። እኛ በ1870ው ጦርነት በጀርመን የተነጠቅነውን አልዛስና ሎሬን እያሰብን ከሩሲያ ጋር ተማማልን፣ ጀርመን ከኦስትሪያ ጋር። ጀርመን አንዲት የጦር መርከብ ወደ ሞሮኮ ወደብ የላከች ሰሞን ባቲስት ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አነበበው። ነገሩ ያን ጊዜ በመሬት ልውውጥ በረደ፤ ግን የተናደደው ሁሉ እንደተናደደ ቀረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የውትድርናው ግዴታ ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት ከፍ አለ፣ የወንድሜ የአናቶልም ተራ ደረሰ።

አባቴ እራት ላይ እንዲህ ሲል ትዝ ይለኛል፦ «ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ 'እኔ ሰላም ፈላጊ ነኝ፣ ጎረቤቴ ግን አይታመንም' ነው። ጎረቤቱም ያንኑ ይላል። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስለኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

እናቴ «አንተ ደግሞ ሚኒስትር ይመስል! ሾርባህ ቀዘቀዘ» አለችው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ሩቅ አገር፣ ሳራዬቮ ውስጥ፣ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ከሚስቱ ጋር ተገደለ። እኛ ጋ ስለ ወሬው ያዘነው ጥቂት ሰው ነበር፤ የእርግብ እሽቅድምድም ሰሞን ስለነበረ ወንዱ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። አባቴም እርግበኛ ነው። ወር ሳይሞላ ግን ኦስትሪያ ሰርቢያን ወጋች። ሩሲያ ለሰርቢያ ተነሳች፣ ጀርመን ለኦስትሪያ፣ እኛ ለሩሲያ። ጀርመን ወደ እኛ ለመምጣት ቤልጂግን ስትረግጥ እንግሊዝም ገባች። አባቴ «ሁሉም እንዳልወድቅ ብሎ ከሌላው ጋር ተሳሰረ፤ አንዱ ሲወድቅ ተያይዘው ወረዱ» አለ። የክተት ደወሉ ሲደወል ወንዶቹ ከጉድጓድ እየወጡ ነበር። መብራታቸውን ሲመልሱልኝ አንዳንዱ «ለገና አስቀምጪልኝ» ይለኝ ነበር።

በመከር ጀርመኖች መንደራችን ገቡ፤ የጦሩ ግንባር ከኛ ወዲያ ትንሽ አልፎ ቆመ። አናቶል ከኛ ጦር ጋር በወዲያኛው በኩል ቀረ። የመጀመሪያው ትእዛዝ እርግብ ያለው ሁሉ እንዲገድል ነበር፤ ወሬ ያደርሳሉ ብለው ፈሩ። አባቴ ለማንም አልሰጠም፣ አንድ በአንድ በገዛ እጁ አንገታቸውን ጠመዘዘ። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ባቲስት መንገድ ላይ አግኝቶት ሊያሾፍበት አፉን ከፈተ፤ ፊቱን ሲያየው ግን ቆቡን አውልቆ አለፈ።

እኛ ቤት ሂልማር የሚባል ወታደር አስገቡብን። ጎልማሳ ነው፣ በአገሩ አናጺ ነበር። እናቴ አታናግረውም ነበር። እሱም ሳይናገር የተሰበረውን የጓዳ በር ጠገነላት።

ጦርነቱ በከረመ በሁለተኛው ዓመት፣ ባቲስት ቤት ጓዳ ገብቼ ሳለሁ የወገን መድፍ መተኮስ ጀመረ። እኛን ነፃ ለማውጣት የሚተኩሱት ናቸው እንግዲህ። ባቲስት እጄን ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ጎተተኝ። ደረጃውን ሳንጨርስ ቤቱ በላያችን ፈረሰ።

ዓይኔን ስገልጥ ጨለማ ነው፤ አቧራው አፌን ሞልቶታል። ባቲስት ከአጠገቤ ያቃስታል።

«ዜሊ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«እግሬ የለም መሰለኝ። ነካ ነካ አድርጊልኝ እስቲ።»

ነካሁለት፣ አለ፤ ግን ተሰብሯል።

«አባትሽ አንቺን አውጥቶ እኔን ቢተወኝ አልፈርድበትም» አለ። እጁን ያዝኩት።

አባቴ ከደረሰ በኋላ ያደረገውን እናቴ ነገረችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አካፋ ይዞ ከላይ ሊዝቅ ሲል «ተዉ! ይደረመስባቸዋል» ብሎ ከለከለ። የሸክላው ቁልል ላይ ጆሮውን አስደግፎ አዳመጠ፣ ከዚያ በጎን በኩል መማስ ጀመረ። ዛጎሉ ገና ይወርድ ነበር። ወታደሮቹ መሸሸጊያ እንዲገቡ ታዘው ሁሉም ሲሮጡ ሂልማር ዞር ብሎ አየና ኮቱን አወለቀ። አለቃው ጮኸበት። እሱ ግን የፈረሰው ቤት ሳንቃ እየሰነጠቀ ጣሪያውን የሚይዝ ድጋፍ ያቀብል ጀመር። አንዴ ቸኩሎ ሲመታ አባቴ «ቀስ! ቀስ!» አለው፣ በጀርመንኛ። ሂልማር ደንግጦ አየውና በቀስታ መታ።

መጀመሪያ የሰማነው የአባቴን ድምፅ ነው።

«ዜሊ!»

«አባዬ! ሁለታችንም አለን!»

«ባቲስት፣ አንተ ሽማግሌ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ! አጠገብህ የሚመታው ማነው?»

አባቴ «ፕሩሲያው አማቼ ነው» አለ።

ጨለማው ውስጥ ባቲስት መሳቅ ጀመረ፤ እግሩ እያመመው ይስቃል፣ እየሳቀ ያለቅሳል። «ንገረው፣ በርሜሌ ካልፈሰሰ ቢራ አለ በለው!»

መጀመሪያ እኔን በክንዴ ስቦ ያወጣኝ ሂልማር ነው። እጁ ደምቶ ነበር። እናቴ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና በእኛ ቋንቋ ብዙ ነገር ተናገረች፤ አንዱም አልገባውም፣ ግን ቆሞ እስክትጨርስ ሰማት። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ተነስቶ ሄደ። የአባቱን ስም እንኳ አናውቅም። በሕይወት ይኑር ይሙት አላውቅም። እኔ ግን ልጆች የወለድኩት፣ ዛሬም ይህን የማወራው፣ እሱ ኮቱን ስላወለቀ ነው። ስሙን በጸሎቴ ከአናቶል ስም ቀጥሎ አነሳለሁ።

ጦርነቱ ሲያበቃ መድፉ ሲበረታ ከተሰደድንበት ከቤልጂግ ስንመለስ መንደራችን የሸክላ ክምር ሆና ጠበቀችን። ቆይቶ አናቶል ሁለት ጣቱን አጥቶ መጣ። አባቴ የቀሩትን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመ። ከኛ መንገድ ከሄዱት ልጆች የተመለሰው እሱ ብቻ ስለነበረ እናቴ በር ዘግታ ነው የደስታዋን ያለቀሰችው፤ ጎረቤቶቿ እንዳይሰሙ።

የአልቪን ወሬ ጠፍቶ ነበር። አባቴ መጠየቁን ፈራ። እንዲያውም ሰላም ከሆነ በኋላ የኛ ወታደሮች የጦር ካሳ አልተከፈለም ብለው የነሱን የከሰል አገር ሲይዙ ታሞ ተኛ፤ «አሁን ደግሞ እኛ» ብቻ ነበር የሚለው። ጦሩ ከወጣ በኋላ ግን አልተቻለም፤ አይቡን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ዌስትፋሊያ ሄደ።

አልቪን በሩን ሲከፍት ቀዩ ጺም ነጭ ሆኗል። መጀመሪያ አይቡ ሸተተው። «ኦሜር!» ብሎ አቀፈው፤ ሁለቱም ሳል ያዛቸውና ተደጋግፈው ሳሉ።

ገበታ ላይ ሄድቪግ ስለ አናቶል ጠየቀችን። አባቴ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ የታሰረበትን የልጃቸውን ፎቶግራፍ አይቶት ስለነበር መልሱ ከበደው።

«ተርፏል» አለ ቀስ ብሎ።

«የት ነበር?» አለ አልቪን።

«ቬርደን።»

የኛ ልጅ የሁለቱ አገር ወታደሮች ለወራት በተራረዱበት በቬርደን ነበር፣ የነሱም ልጅ የቀረው እዚያው ነው። ማንም ማንኪያውን አላነሳም። አባቴ «አልቪን፣ እኔ…» ብሎ ጀመረና አቃተው።

ሄድቪግ ተነሳች። የአባቴን ሳህን ወስዳ ሾርባ ሞልታ ፊቱ አስቀመጠች። እጇን ትከሻው ላይ እንዳደረገች «እንኳን አንዳቸው ተመለሰ» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዳቸው ተመለሰ። ብላ፣ ኦሜር፤ መንገዱ ረጅም ነበር።»

አባቴ በላ። ሁለተኛ ስትጨምርለትም አልተግደረደረም።