የጣፋጮቹ «ተነሳሁ»

ስኳር ያለባት ሴት ኬክ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች ቢባል ለሰሚው ግራ ነው። ምን ታድርግ ታዲያ! ሐኪሙ «ስኳር አለብሽ» ሲላት ዕድሜዋን ክሬም ስትቀባ ኖራለች፤ ሌላ ሙያ የላት። ኬኩን ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ አስቀምጣ፣ ቢላዋዋን ከጎኑ ደገፍ አድርጋ አንዴ ስታዞረው፣ ክሬሙ አዲስ እንደተለሰነ ግድግዳ ልስልስ ብሎ ይወጣል። መቅመስ ሲመጣ ግን ጋጋሪውን ትጠራለች። «እኔ ጥርሴን ያመኛል» ትለዋለች። ጥርሷ እንኳን ሊያማት አጥንት ይሰብራል።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ነገሩን አያውቁም። ከሷ በፊት የነበረችውን ልጅ አንድ ቀን አዞራት ብለው ያሰናበቱ ሰው ናቸው፤ ማን ሞኝ ነው ሄዶ የሚነግራቸው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ደብቆ ደመወዝ የሚበላው ግን ሞልቷል።

መድኃኒቱንስ ቢሆን ከስልኳ ነው ያገኘችው። ሐኪሙ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከበሩ ውጭ የተሰለፈው ሕዝብ ፋታ አይሰጠውም። የመርፌውን አወጋግ አሳይቷት ሳይጨርስ «የሚቀጥለው!» አለ። የቀረውን ያስተማሯት «ጣፋጮቹ» ናቸው፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች በቴሌግራም የከፈቱት ግሩፕ። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ቆዳን እንደሚያደድር፣ ከረሜላ ከኪስ መጥፋት እንደሌለበት፣ እጅ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቅ ስኳር ወርዷል ማለት እንደሆነ ከእነሱ ተማረች። እንባዋ ሲመጣም የምትጽፈው ለእነሱ ነው። እዚያ ማንም «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብሎ አያባርርሽም፤ «እኔም ትናንት እንደዚሁ» ይልሻል። አንድ ቀን ምክር ስትጠይቅ በድምፅ «ይቅርታ፣ እጄ ክሬም ነው» ስላለች፣ ከዚያ ወዲህ ስሟ ክሬሟ ሆኖ ቀረ።

የግሩፑ እናት እትዬ ማዞሪያ ናቸው። ከስልክ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው አሁንም ያልደከማቸው ሴት። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ብቻውን የሚያድር ሰው ሌሊት ስኳሩ ቢወርድበት ማን ያውቅለታል? ስለዚህ ሁሉም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «ተነሳሁ» ብሎ ይጽፋል። ያልጻፈ ይደወልለታል። ስልክ ተለዋውጠዋል፤ የማን ቤት የት እንደሆነ ግን አይነጋገሩም። አርፍዶ የጻፈውንማ እትዬ ማዞሪያ አይለቁትም። «ለቀብርህ ነጠላ እያወጣን ነበር እኮ!» ይሉታል።

ችግሩ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የክሬሟ ሁለት እጆች ክሬም ውስጥ መሆናቸው ነው። ስልኳ ላይ ታዲያ አንድ ብልሃት አገኘች። ጽፈሽ ስታበቂ የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርገሽ ብትይዢው ሰዓት ይጠይቅሻል፤ ሰዓቱን ትሰጪዋለሽ፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንቺ ኑሪም አትኑሪም እሱ ይልከዋል። የሳምንቱን ባንዴ ሞልታ አረፈች።

አንድ ቀን እትዬ ማዞሪያ ለብቻዋ ደወሉላት። «አንቺ፣ እጅሽ ክሬም ሆኖ እንዴት ነው በሰዓቱ ከች የምትዪው?»

ለሌላ ሰው ትዋሽ ይሆናል፤ ለእሳቸው አንደበቷ አልታዘዝ አላት። ብልሃቱን ከነአደራረጉ ነገረቻቸው።

«ወይ ጉድ!» አሉ እየሳቁ። «እኔ እናንተን ልቀሰቅስ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ! ጡረታ የወጣሁት ልተኛ አልነበረም እንዴ? በይ አሳዪኝ። በእኔና ባንቺ መሀል ይቅር።»

እሷም አሳየቻቸው፤ ነገሩም በሁለቱ መሀል ቀረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ሽርጧን እያሰረች ስልኳን ብትከፍት የእትዬ ማዞሪያ መልእክት ተቀምጧል፤ ማታ እሷ ከተኛች በኋላ የገባ ነው። «የእራት መርፌዬን ወጋሁ። ምግቡ ግን አልረጋ አለኝ፣ ሁሉም ወጣ። ምን ትመክሪኛለሽ ልጄ?» ይላል።

ልቧ ድንግጥ አለ። መርፌ ገብቶ ምግብ ከወጣ ስኳሩ ወደ ታች ነው የሚሮጠው፤ ይህን የማያውቅ ጣፋጭ የለም። ልትደውል ስትል ባለቤቱ ከወዲያ ጮኹ፦ «የሰርጉ ኬክ እስካሁን ራቁቱን ነው እንዴ?» ያም ሆኖ ደወለች፤ ጠርቶ ዝም ሲል ለራሷ ሰበብ ፈጠረች፤ ተኝተው ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ምን ቀረው፣ ያኔ ይጽፉ የለም? ስልኳን ከመደርደሪያው ላይ፣ ከስኳር ከረጢቱ ጎን አስደግፋ እጇን ክሬሙ ውስጥ ነከረች። ዓይኗ ግን ከስልኩ አልተነቀለም።

አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ በራ። «ተነሳሁ ልጆቼ፤ እናንተስ?» እትዬ ማዞሪያ ናቸው።

«ተመስገን!» አለች ክሬሟ ጮክ ብላ። ጋጋሪው ዞር ብሎ አያት። እፎይ ብላ የመጀመሪያውን የክሬም ጽጌረዳ ኬኩ ጫፍ ላይ ሠራች። ሌሎቹም «ተነሳሁ»፣ «ተነሳሁ» እያሉ መከታተል ያዙ። ከዚያ አንድ ሌላ መጣ። «ተነሳሁ፤ መልካም ቀን።» ላኪዋ እሷ ራሷ ናት።

ስልኩን አየች። እጆቿን አየች። ሁለቱም እስከ አንጓቸው ክሬም ናቸው። የእሷን ስልኩ ከላከው፣ የእሳቸውንስ ማን ላከው?

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገመች። ያው ነው። መልእክት ላከችላቸው፤ የከፈተው የለም። ወደ ግሩፑ ገባች፤ እዚያ ሁሉ ሰላም ነው፤ እትዬ ማዞሪያ «ተነሳሁ» ብለዋላ! ማን ይጠርጥር? ስልኩ ብቻውን እንደሚልክላቸው የምታውቅ በምድር ላይ እሷ ብቻ ናት።

እውነቱን መናገር ነበረባት። ግን ሰው አይደለች፣ መጀመሪያ በጎን መጣች። «እትዬ ማዞሪያ የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ አለ? ትንሽ ነገር ላደርስላቸው ብዬ ነው» ብላ ጻፈች።

«ኬክ ነው? ልትገድያቸው ነው እንዴ!» አለ አንዱ።

«ለእኔም ይምጣልኝ፣ ካልቀረ ጣፍጬ ልሙት» አለ ሌላው። ሳቁ በሳቅ ላይ ተከመረ። አድራሻ የሰጠ የለም። ደቂቃዋ ግን ሄደች።

ሆዷ «ተናገሪ» ይላል፣ አፏ እንቢ ይላል። ከዚህ ግሩፕ ብትባረር ማን አላት? ሕጉ ተቀልዶበታል፤ ያውም በየጠዋቱ፣ ያውም በእሷ። አፈረች። ማፈሯ ራሱ አናደዳትና ድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«ስሙኝ! የእትዬ ማዞሪያ ‹ተነሳሁ› ውሸት ነው። ስልኩ ነው የላከው፤ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። የእኔም ውሸት ነው። ማታ መርፌ ወግተው ምግቡ ወጥቶባቸዋል፤ ስልክ አያነሱም። ቤታቸውን ብቻ ንገሩኝ። ስድባችሁን በኋላ ቆሜ እቀበላለሁ።»

ሳቁም ጨዋታውም ቆመ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ከጣፋጮቹ አንዱ፣ ባለታክሲው ነው።

«ገና አሁን ሰማሁሽ፤ አንድ ጊዜ ኢንሱሊን አልቆባቸው አድርሼላቸዋለሁ» አለ፤ ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል። «ከትልቁ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ያለው ሕንፃ ነው። እኔ ሰው ጭኜ ከከተማ ወጥቻለሁ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ትቀርቢያለሽ፣ ሩጪ! ስልኩን እንዳትዘጊው።»

ሽርጧን ሳትፈታ ወደ በሩ ስትሮጥ ባለቤቱ ከፊቷ ቆሙ። «ወዴት ነው? ኬኩስ?»

«ሰው እየሞተብኝ ነው ጋሼ!»

«ማን? እናትሽ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ዘመድ ናቸው?»

«አይቻቸው አላውቅም!» አለች። እሳቸው አብዳለች ብለው አፈጠጡባት። «እንደኔው ስኳር ያለባቸው ሴት ናቸው» ስትል፣ የተናገረችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ወጣ፣ ወጣ። በጎናቸው አልፋ ሮጠች።

ቁርስ አልበላችም። ማደያውን ስታልፍ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ እያኘከች ሮጠች፤ ሁለት ሰው ባንድ ቀን መውደቅ የለበትም።

የሕንፃው ዘበኛ ወንበሩን ከበሩ ላይ አላነሳም። «ማንን ፈልገሽ ነው?»

ማንን ትበል? ስማቸውን አታውቀው! «ጡረተኛ ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ። ስኳር ያለባቸው።»

«እዚህ ሕንፃ ስኳር ያለበት ሰው የለም» አለ ዘበኛው፣ ሕንፃው የእሱ እንደሆነ ሁሉ። ለካ እሳቸውም ከጎረቤታቸው ደብቀው ነው የሚኖሩት!

ባለታክሲው በስልኩ ውስጥ ጮኸ። «አንተ ሰውዬ! ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ! አንድ ዓይና ድመት ያለቻቸው!»

«እ—ትዬን ነው?» አለ ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ዛሬ ለድመቷ ወተት ሊገዙ አልወረዱም እኮ።» ይህን ሲናገር የራሱ ፊት ተለወጠ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጡት። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ድመቷ ታለቅሳለች። ዘበኛው ትከሻውን ሰደደ፣ በሩ ንቅንቅ አላለም። ዳግመኛ ሰደደ። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ተገንጥሎ በሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

እትዬ ማዞሪያ በአልጋውና በግድግዳው መሀል ወድቀዋል። የሌሊት ልብሳቸው በላብ ርሷል። ይተነፍሳሉ፤ ትንፋሻቸው ግን እያንኮራፋ፣ እየተቆራረጠ ነው። ከእጃቸው አጠገብ የጁስ ጠርሙስ ተጋድሟል፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ሊከፍቱት ታግለው አቅም አንሷቸው ነው፣ ምስኪን።

ዘበኛው ጠርሙሱን አንስቶ «ላጠጣቸው?» አለ።

«አትንካ! ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ አይንቆረቆርም፣ ያንቀዋል! አምቡላንስ ጥራ!» ይህንንም የተማረችው ከጣፋጮቹ ነው። በጎናቸው አስተኛቻቸው። ከራስጌያቸው መለኪያቸውን አንስታ ጣታቸውን ወግታ ለካች፤ መለኪያው ቁጥር አልሰጥ ብሎ ዝቅ ማለቱን ብቻ አሳየ። ከኪሷ የቀረውን ከረሜላ ሰባብራ፣ በጁሱ ጠብታ ለውሳ፣ በጣቷ ጫፍ ጉንጫቸው ውስጥ ትንሽ ትንሽ መቀባት ጀመረች። ክሬም ሲቀባ የኖረ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ቀብቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት! እትዬ፣ ሳላውቅዎት አይሂዱብኝ!» ትላለች። ትቀባለች። ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። እንደገና ትቀባለች። ባለታክሲው በስልኩ «ምን ሆኑ? ምን ሆኑ?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም። የዓይናቸው ሽፋሽፍት እርግብ ሲል የአምቡላንሱ ጩኸት ከታች ተሰማ።

ከቀትር በኋላ ሆስፒታል ውስጥ፣ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ እትዬ ማዞሪያ ዓይናቸውን አጥብበው አልጋቸው አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት አዩ። ሽርጧ ላይ ክሬም ደርቋል።

«ክሬሟ ነሽ?» አሉ። «በድምፅሽ ወፍራም ትመስዪኝ ነበር።»

እሷ መሳቅ አቃታት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ልገድልዎት ነበር እኮ!»

«ዝም በይ። ሕጉን አውጥቼ ሕጉን የሸወድኩ እኔ። ልጆቹ ምን አሉ? መነጽሬን ትቼ መጥቻለሁ፣ አንብቢልኝ።»

ግሩፑን ለመክፈት ፈራች። ከጠዋት ጀምራ አልነካችውም፤ ስድቡ ተከምሮ ይጠብቃታል። ቃል ገብታለችና ከፈተችው። ስድብ የለም።

«እኔም የምሞላው በሰዓት ነው። ይቅር በሉኝ» ይላል የመጀመሪያው።

«እኔም።»

«እኔማ የወሩን ሞልቼ ረስቼዋለሁ።»

«ለእኔ ልጄ ነው የሞላልኝ፣ አጠፋፉንም አላውቀው።»

«እኔም።» «እኔም።»

እትዬ ማዞሪያ መጀመሪያ ሳቁ። ትራሱ እስኪነቃነቅ ሳቁ። ክሬሟ ማንበቧን ስትቀጥል ግን ሳቃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«ታዲያ በየጠዋቱ ሲነሳ የከረመው ማን ነው?» አሉ።

ያ ሁሉ ሰላምታ፣ ያ ሁሉ «መልካም ቀን»፣ ስልክ ለስልክ ሲሳሳም ነው የኖረው። ሰዎቹስ? በየክፍላቸው፣ በራቸውን ቆልፈው፣ ማንም ሳያያቸው።

«ደውይ» አሉ እትዬ ማዞሪያ። «ሁሉም ጋ። ከላይ ጀምሪ። ድምፃቸውን ልስማ።»

የመጀመሪያዋ ገና «ሃሎ» ከማለቷ ማልቀስ ጀመረች። ባለታክሲው «እትዬ!» ብሎ ጮኾ መኪናውን ዳር ያዘ። ሦስተኛው አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ብቻውን የሚኖር፣ ዛሬ ከ«ተነሳሁ» በቀር አንዲት ቃል ያልጻፈ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ቆመ።

«ሥራ ላይ ይሆናል» አለች ክሬሟ። የገዛ ድምፅዋን አላመነችውም።

እትዬ ማዞሪያ ግሉኮስ የተሰካበትን ክንዳቸውን ደግፈው ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው።