ሚጡ ስልክ ልትቀይር ስትነሣ

ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፤ ወንድሟ ግን እስከ ዛሬ «ሚጡ» ይላታል። በስልክ ሲጠራት እየሰሙ የሥራ ባልደረቦቿም ለመዱት፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሚጡ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። የሥራ ክፍሏ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ፣ ጓሮ ውስጥ ያለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ናት። ዶክተሩ የታካሚውን የድድ ቅርጽ ይልክላታል፤ እሷ ጄሶ ታፈስበታለች፣ ድዱን በሰም ትቀርጻለች፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ትተክላለች፣ ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች። መደርደሪያው ላይ የሠላሳ አርባ ሰው መንጋጋ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ነጭ የጄሶ ዱቄት ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ሰው ያለ ዕድሜዋ ሸበተች ይላል።

ጥርስ ነጭ ነው የሚለው ጥርስ ያልሠራ ሰው ነው። አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ አንዱ ወደ ግራጫ፣ የአጫሹ ደግሞ ለብቻው ነው። ሚጡ የታካሚውን የተረፉ ጥርሶች በስልኳ ታነሣለች፣ ፎቶውን ከቀለም ናሙናዎቿ ጋር እያስተያየች ትመርጣለች። ስልኳ አይፎን ነው። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ስልክ ስላየች፣ ምኑን አድምቆ ምኑን አደብዝዞ እንደሚያሳያት እንደ ገዛ ዓይኗ ታውቀዋለች።

ስልኩን የገዛላት ወንድሟ ነው። በሰባት ዓመት ይበልጣታል። እናትና አባታቸው በተከታታይ ሲሞቱ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን የአንድ የጭነት ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ሲሆን ሰባ ሁለት መኪና በእሱ እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ሰባ ሁለት ነጥቦች በካርታ ላይ ሲንቀሳቀሱ ያያል። አንዷ ነጥብ ካለ ቦታዋ ከቆመች ለሹፌሩ ይደውላል።

«እኔ ደግሞ ሰባ ሦስተኛዋ መኪና ነኝ» ትላለች ሚጡ፣ ሰው ሲስቅላት አብራ እየሳቀች።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሚጡ የስኳር ሕመም አለባት። የዛሬ ሦስት ዓመት ለጉዳይ የሄደችበት ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ስኳሯ ድንገት ወርዶ ወደቀች። ሊፍት ስላለ በደረጃው የሚያልፍ ሰው የለም። ወንድሟ ስልኩን ሲገዛላት ያለችበት በራሱ ስልክ ካርታ ላይ እንዲታየው አድርጎ ነበር፤ ነጥቧን አይቶ መጣና ራሷን ስታ አገኛት። ሐኪሞቹ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አሉና የቀረውን ዋጡት። ሕይወቷን ያተረፈላት እሱ ነው፤ ይህን እሷም አትክድም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም።

«ሚጡ፣ የት ነሽ?»

«እያየኸኝ አይደል እንዴ ጋሼ?»

«ማየቱንማ አያለሁ። ምነው ቆምሽ?»

«ዝናብ ይዞኝ ነው።»

«ዝናብ? እዚህ እኮ ጠራራ ፀሐይ ነው!»

«እንግዲህ እዚህ ይዘንባል። ካርታህ ዝናብ አያሳይም?»

ይስቃል፤ ትስቃለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቋ ከፊቷ ላይ ቶሎ ይጠፋል። እየዋለ እያደረ መንገድ ላይ መቆም ተወች። የሱቅ መስኮት እንኳ እያየች ዝም ብላ አትቆምም። ወንበር ላይ ማረፍ ካማራት አስቀድማ ትደውላለች፦ «ጋሼ፣ ትንሽ ልቀመጥ ነው።» አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ለመቀመጥ ስታስፈቅድ ራሷን ስትሰማ ታፍራለች፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ትደግማለች።

አንድ ጊዜ የአንድ ባልደረባዋ ወንድም፣ ሚስቱ የሞተችበት ዝምተኛ ሰው፣ ሻይ ጋበዛት። ገና ስኳሩን ሳያማስል ስልኳ ጮኸ።

«ያ ቤት ንጽሕናው ብዙም አይደለም ይላሉ» አላት ወንድሟ። «ከማን ጋር ነሽ?»

ሰውየው አልሰማሁም እንደማለት ብርጭቆውን ሲያይ ቆየ። ሁለተኛ አልጋበዛትም።

የወንድሟን ሚስት «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ነገሩን ታውቃለች። «የእኔም ነጥብ እኮ ካርታው ላይ አለች፤ የት ገባሽ ብሎኝ ግን አያውቅም» ትላለች እየቀለደች። «ብጠፋ የሚነግረው የራበው ሆዱ ነው። አንቺ ዕድለኛ ነሽ!»

እናም አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሄደች። ጠጋኙ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ቀና ሳይል የሚያወራ ሰው ነው።

«ከአይፎን ወደ አንድሮይድ መቀየር ፈልጌ ነበር።»

«ምን አስቸገረሽ?»

«ምንም። መቀየር ብቻ ነው።»

«ምንም ሳያስቸግርሽ?» አሁን ቀና አለ። «ሰው እኮ ዋጋው ከብዶት፣ ወይ ባትሪው አልቆ፣ ወይ ሌላው አምሮት ነው የሚቀይረው። ፎቶሽ ይሻገራል፣ ስልክ ቁጥሮችሽም ይሻገራሉ። መልእክቶቹ ላይ ትንሽ ጣጣ አለ። እጅሽም እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ትናደጃለሽ።»

«ያለሁበትን ለቤተሰብ የሚያሳየው ነገርስ? እሱም ይሻገራል?»

ጠጋኙ ትንሽ አያት። «እሱ አብሮ አይሄድም። ከፈለግሽ ሌላ ይጫናል።»

«ካልፈለግሁስ?»

«ካልፈለግሽማ አሁን ያለሽ ላይ ማጥፊያ አለው። አምጪው፣ አሁኑኑ ላጥፋልሽ። ለእሱ ብለሽ ስልክ ትቀይሪያለሽ?»

ይህን እሷም ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ ማጥፊያው ድረስ ሄዳ ጣቷ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ካጠፋችው፣ ያጠፋችው እሷ ናት። ወንድሟ «ለምን?» ይላታል፣ እሷም ፊት ለፊት መመለስ አለባት። ስልኩ ተቀይሮ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ «አዲሱ እንዲህ አያደርግም ጋሼ፣ ምን ላድርግ» ብላ ታልፋለች። የፈለገችው ስልኩ በእሷ ፈንታ እንዲናገርላት ነበር። ይህን ለጠጋኙ አልነገረችውም። ያገለገለ ግን ደህና የሆነ አንድ አንድሮይድ መርጣ ገዛች፤ እሱም ፎቶዎቿን አሻገረላት።

ሲም ካርዷን ግን ወዲያው አላዛወረችውም። ዛሬ ነገ እያለች አሥር ቀን ሁለት ስልክ ይዛ ዞረች። ሥራ ላይ አንዱን ጥርስ በሁለቱም እያነሣች ታስተያያለች፤ አዲሱ የሚያሳያት ቀለም ከለመደችው ለየት ስለሚል እንደ ጀማሪ ናሙናዎቿን ደጋግማ ትፈትሻለች። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ መደርደሪያው ላይ ወደተኮለኮሉት መንጋጋዎች ዞራ ንግግሯን ትለማመዳለች። «ጋሼ፣ የድሮው ስልክ ወድቆ ተሰበረብኝ።» ይህ አይሆንም፤ የተሰበረውን አሳዪኝ ይላታል። «ጋሼ፣ ለሥራ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል ብለውኝ...» ይህም አይሆንም፤ ዶክተሩን ደውሎ ይጠይቀዋል። ማምለጫ ብላ የገዛችው ነገር ቦርሳዋ ውስጥ የምትደብቀው ሌላ ሸክም ሆነባት። ወንድሟ ቤት ስትሄድ ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ አታወርድም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሥራ እንደተለመደው ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። ሚጡ ጋዋኗን ሰቀለች። ከዚያ ለራሷም ሳትነግር በምትመስል ፍጥነት አይፎኑን መሳቢያ ውስጥ አስገባችው፣ ክፍሉን ቆለፈችና ወጣች። ከረሜላዎቿን ይዛለች፣ መርፌዋን ይዛለች። አዲሱ ስልክ ሲም የለውም፤ ማንም ሊደውልላት አይችልም።

አውቶቡስ ተሳፍራ የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደች። እዚያ ችግኝ የሚሸጥበት ሰፊ ግቢ አለ። ውሃ የሚያጠጣውን ሰውዬ አስፈቅዳ የተደፋ ማሰሮ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ እጇ በየደቂቃው ወደ ቦርሳዋ ይሄድ ነበር። ያልጮኸ ስልክ ይጮህባታል። ኋላ ግን ተወችው። ቅጠሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየች ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ምን አሰብሽ ቢሏት ምንም ነበር መልሷ። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ምንም ሳታስብ ተቀምጣ አታውቅም።

ወደ ቤቷ በቀጥታ መሄድ ግን አልቻለችም። መጀመሪያ አይፎኑን ማምጣት አለባት፤ ስልኩ ቤት ካልገባ እሷም ቤት አልገባችም ማለት ነው። አሥር ሰዓት ላይ የሐኪም ቤቱ በር ስትደርስ ሰው ተሰብስቧል።

«እሷ ናት! መጣች!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው።

እየሮጠች ወደ ጓሮ ዘለቀች። የክፍሏ በር ከነማጠፊያው ተገንጥሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወንድሟ የእሷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ቀኝ እጁ ደም በደም ነው፤ በግራው አይፎኗን ይዟል። ከእግሩ ሥር ጄሶው ተፈረካክሶ፣ መንጋጋው ሁሉ ተበታትኖ ወለሉ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«ጋሼ!»

ቀና ብሎ አያት። አይፎኗን ወደ እሷ ዘረጋ።

ጥበቃው ነው የነገራት። «‹ሃያ ጊዜ ደወልኩላት፣ ነጥቧ እዚህ ናት፣ ውስጥ ወድቃለች› ብሎ ወተወተኝ። ሌላው ቁልፍ ያለው ዶክተሩ ጋ ነው፣ እሱም አያነሣም። ‹ስትወጣ አይቻለሁ› ብለው አላመነኝም። በሩን በትከሻው መታው፣ ከዚያ መስኮቱን... ገብቶ ጠረጴዛውን ሁሉ እየገለበጠ ከሥር ሲፈልግሽ ነበር።»

ዶክተሩ ማምሻውን ደርሶ ጉዱን አየ። ደግ ሰው ነው። «በሩስ ይሠራል» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ሰኞ ጥርሳቸውን ሊወስዱ ለሚመጡት አዛውንት ምን እንበላቸው?»

በነጋታው እሑድ ሚጡ የተሰበረውን ልትሠራ ገባች። ወንድሟ እጁን በፋሻ እንደጠቀለለ ተከትሏት መጣ። ሂድ አላለችውም። ጄሶ ማቡኪያውን ሳህን አስያዘችው። እሷ ውሃ ታፈሳለች፣ እሱ በግራ እጁ ያማስላል።

«ቀስ ብለህ፤ አረፋ እንዳይገባበት።»

«እሺ።»

ሁለት መንጋጋ አፍስሰው ጨረሱ። በመጨረሻ እሷ ጀመረችው። ያን ሁሉ ቀን የተለማመደችው ውሸት ግን አልነበረም።

«ስልኩን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሌላ ስልክም ገዝቻለሁ። እንዳታየኝ ብዬ ነው።»

ማማሰሉን አላቆመም። «ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም አላደረግኸኝም። መተንፈስ አቃተኝ ነው የምልህ። መንገድ ላይ ስቆም አንተን ነው የማስበው። ስቀመጥ አንተን ነው የማስበው። ያን ቀን አተረፍኸኝ፤ አልረሳሁትም። ግን ጋሼ፣ በቃ።»

ወንድሟ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አላተረፍኩሽም» አለ።

«እንዴት?»

«ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ሳይ ነጥብሽ ቆማለች። ጉዳይ ይዟት ነው አልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሳይ ያው ናት። ልደውል ብዬ አለቃዬ ሲያየኝ ተውኩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ እያየሁሽ ተቀመጥኩ፣ ሚጡ። አርባ ደቂቃ! ሐኪሙ ‹ትንሽ ቢቆይ ኖሮ› ሲል እኔ ቀድሞውንም ቆይቼ ነበር።» ዓይኑን በፋሻው ጠረገ። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእትዬሽም።»

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። ጄሶው ሳህኑ ውስጥ እየጠነከረ መሆኑን አይታ ደፋችውና እንደገና ሌላ አቦካች።

«አጥፋው ካልሽኝ ከእኔ በኩል አጠፋዋለሁ» አላት ቆይቶ።

ይህን ቃል ስትመኝ ስንት ዘመኗ ነበር። ሆኖም ሰውዬውን አየችው፤ ትከሻው ጎብጧል፣ እጁ ተጠቅልሏል፣ ሱሪው በጄሶ ነጥቷል። ነጥቧ ከስክሪኑ ላይ ብትጠፋ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው ታያት። የሦስት ዓመት ንዴቷ የት እንደገባ እሷም አላወቀችም፤ ቦታው ላይ የቀረው ከንዴቱ የባሰ ከባድ ነገር ነበር።

«ተወው፣ ይቆይ» አለች። «ግን ቆምሽ ብለህ አትደውል። አንድ ሰዓት ካልሞላኝ አትደውል።»

«አንድ ሰዓት ብዙ ነው። ግማሽ አድርጊው።»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ አርባ ደቂቃ» አለና የተናገረውን ቁጥር ሲሰማ ራሱ ደነገጠ። «አይ፣ ሠላሳ።»

በሠላሳ ተስማሙ።

አዛውንቱ ሰኞ ረፋድ ላይ መጥተው ጥርሳቸውን አደረጉ፣ መስታወት አይተው ፈገግ አሉና ሄዱ። ወንድሟ ቃሉን ጠበቀ። ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አይደውልም። በሠላሳ አንደኛው ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ሚጡ አሁን የትም ስትቀመጥ ሰዓት ታያለች። በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተነሥታ ጥቂት ራመድ ትላለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች። ማጥፊያው ላይ ጣቷን አንጠልጥላ አታውቅም ከዚያ ወዲህ። ፈርታ አይደለም፤ ማጥፋቷ ወንድሟን ምን እንደሚያደርገው ስላወቀች ነው።

አንድሮይዱን ለእትዬ ሰጠቻት። እትዬ በሁለት ቀን ለመደችው፣ ሲም ካርዷን አዛወረች፣ ፎቶ ለሁሉም ሰው ስትልክ ሰነበተች። ነጥቧ ከባሏ ካርታ ላይ ጠፋች። እሱም ሳምንት አልፎ ሁለተኛው እስኪጋመስ ድረስ መጥፋቷን ልብ አላለም።